ቃሏ ይበቃል

የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫን የማያስታውስ ትልቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ወረፋውን፣ የቴሌቪዥኑን ክርክር፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን መከራ ሁሉም እንደየራሱ ያወራዋል። ከምርጫው ስድስት ቀን በፊት፣ ግንቦት 1 ምን ሆነ ብዬ ብጠይቅ ግን የሚመልስልኝ ጥቂት ሰው ነው። በዚያ ቀን አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተካው ይህ ሕግ ከአንቀጽ 545 እስከ 552 ድረስ ስለ ፅንስ ማቋረጥ ይደነግጋል። በሌላው ዓለም ፕሬዚዳንት የሚያስመርጥና የሚያስጥል ጉዳይ በእኛ አገር ሕግ ሆኖ ሥራ ሲጀምር ለድምፅ መስጫው ቀን አንድ ሳምንት አልቀረም ነበር።

እኔ ያኔ እስቴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ሬዲዮኑን ከጎኑ አይለይም፤ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ የፓርቲዎቹን ክርክር ይሰማ ነበር። የመሬት ጉዳይ ሲነሳ ቤቱ ጸጥ ይላል። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ቁስሉ ገና አልሻረም ነበርና። የማዳበሪያ ዕዳ ሲነሳ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ስለ ወደብ ተከራከሩ፤ ስለ አንቀጽ 39 ተከራከሩ። ስለ አንቀጽ 551 ግን በዚያች ሬዲዮ አንድም ቀን ሲወራ አልሰማሁም። እናቴና ጎረቤቶቿ ከወዲያ ጥግ ቡና ያፈሉ ነበር። እነሱን የጠየቃቸውም የለም።

ሕጉ ግን ከሰማይ አልወረደም። ረቂቁ ሲዘጋጅ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ማኅበርና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ ወትውተዋል። በሃይማኖት በኩል ያሉ ሰዎችም አጥብቀው ተቃውመዋል። የድሮው ሕግ የሚፈቅደው የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ከባድና ዘላቂ አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነበር፤ ያውም ሁለተኛ ሐኪም ሲያረጋግጥ። ለአዲስ አበባ ሰው ሁለተኛ ሐኪም ማለት ሌላ በር ማንኳኳት ሊሆን ይችላል። ወገዳ ወይም አርብ ገበያ ላለች ሴት ግን አንዱን ሐኪም ማግኘትም ሕልም የነበረበት ዘመን ነው።

የወጣው ሕግ የሁለቱንም ወገን ፍላጎት ሙሉ በሙሉ አልሞላም። ፅንስ ማቋረጥ በመርሕ ደረጃ ዛሬም ወንጀል ነው፤ አንቀጽ 545 እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። አንቀጽ 551 ደግሞ የማያስቀጡትን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከሥጋ ዘመድ ጋር ከተፈጸመ ግንኙነት ሲመጣ፣ የእናቲቱ ወይም የፅንሱ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ እንዲሁም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን። ይህም በሕክምና ተቋም፣ ሙያው በሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ ሲሆን ነው። በከፋ ድህነት ምክንያት ያቋረጠችውን ሴት ደግሞ ከቅጣት ነፃ አያደርጋትም፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀልላት ግን አንቀጽ 550 ያዛል።

ከሁሉም በላይ ደጋግሜ የማነበው አንቀጽ 552 ንዑስ አንቀጽ 2ን ነው። በአጭሩ እንዲህ ነው የሚለው፦ ሴቲቱ እርግዝናው የመጣው ከመደፈር ወይም ከሥጋ ዘመድ ነው ብላ ከተናገረች፣ ለማስረዳት የእሷ ቃል ብቻ በቂ ነው። የፖሊስ ወረቀት አምጪ፣ ምስክር ቁጠሪ፣ ደፋሪሽን መጀመሪያ አሲዢ አይልም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር መመሪያም በዕድሜ በኩል ያንኑ መንገድ ተከትሎ፣ ልጅቷ የተናገረችው ዕድሜ ይመዝገብ፣ ተጨማሪ ማስረጃ አትጠየቅ አለ። የልደት የምስክር ወረቀት ምን እንደሆነ በማይታወቅበት አገር፣ ልጅ ሳለች በምትዳር ሴት አገር፣ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ቁጥር አላበዛባችሁም፤ ሁለት ብቻ ልጥቀስ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት 412 ሆነ። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ሕግ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ፣ አምቡላንሱ፣ በጤና ጣቢያ መውለዱ፣ የእርግዝና መከላከያው ሁሉ ድርሻ አለው። ሁለተኛው ቁጥር ይኸውና፦ በፈረንጆቹ 2014 በአገራችን ወደ 620,000 የሚጠጋ ፅንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ተመራማሪዎች ገምተዋል፤ ከዚህ ውስጥ 53 ከመቶው በጤና ተቋም የተደረገ ነው። በ2008 በጤና ተቋም ይደረግ የነበረው 27 ከመቶ ብቻ ነበር። የቀረው በየጓዳው ነው። ሕግ ወጥቶ ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላም ግማሽ ያህሉ ሴቶች ወይ ሕጉን አያውቁም፣ ወይ ያፍራሉ፣ ወይ ከሕጉ ውጪ ናቸው ማለት ነው።

ያኔ ያልተነሳው ክርክር ታዲያ ከሃያ ዓመት በኋላ ስልካችን ውስጥ ገብቷል።

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የወጣን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አባቴ የእስቴ፣ እናቴ የስማዳ፣ አክስቴ ጋይንት የተዳረች ነችና እኔ በሦስቱም በኩል ገባሁበት። ለቅሶ የምንነጋገርበት፣ ትምህርት ቤት ቆርቆሮው ሲነቀል መዋጮ የምናሰባስብበት ደግ ግሩፕ ነው። አዲስ አበባ ያለን አለን፤ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር፣ ሪያድና ቤይሩት፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ አሉ። አገር ቤት ያሉት፣ ኔትወርክ ሲኖር፣ ከንፋስ መውጫና ከመካነ ኢየሱስ ይገባሉ።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ምርጫ ሲደርስ ቨርጂኒያ ያሉ አንድ ታላቅ ወንድማችን፣ ሁላችንም «አያ» ብለን የምንጠራቸው፣ ድምፃቸውን ለማን እንደሚሰጡና ለምን እንደሆነ ጻፉ። ምክንያታቸው ፅንስ ማቋረጥ ነበር። ሜሪላንድ ያለች እህታችን መለሰችላቸው። በእሷ ግዛት የመውለድ ነፃነትን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ለማስገባት ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ጋር አብሮ ሕዝበ ውሳኔ እየተሰጠበት እንደሆነ፣ እሷም «ይግባ» እንደምትል ነገረቻቸው። በዚያ ዓመት አሥር የአሜሪካ ግዛቶች በዚህ ጉዳይ ሕዝባቸውን ጠይቀዋል፤ የሜሪላንዱም ጸደቀ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ሁለቱም የሚኖሩበት አገር ዜጎች ናቸው፤ ድምፅ አላቸው፤ ተከባብረው ነው የተነጋገሩት።

ነገሩ የተበላሸው ወደ አገር ቤት ሲዞር ነው። አዲስ አበባ ያለ አንዱ «ይኼ የነጭ በሽታ ወደ እኛ እንዳይመጣ እንጸልይ» አለ። ከእኛው መካከል አዋላጅ ነርስ የሆነች ልጅ «እኛ አገር እኮ ሕግ አለ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው» ብላ ከላይ የጻፍኩላችሁን ዝርዝር በትሕትና አስቀመጠች። ስለ ራሷ አቋም አንድ ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ የሆነውን ልታውቁት ትችላላችሁ፤ እናንተም ግሩፕ አላችሁ። መጀመሪያ «ማን ከፍሎሽ ነው?» ተባለች። ቀጥሎ «የሕፃን ደም ነጋዴ»። ስሙ ቁጥርና ፊደል የተደባለቀበት፣ ፎቶው የአንበሳ ምስል የሆነ አንድ አካውንት ብሔሯን ይመረምር ጀመር። ሌላው ፎቶዋን ከፌስቡክ አውጥቶ ለጠፈና «የት ነው የምትሠራው?» ብሎ ጠየቀ። ሊከላከሉላት የመጡትም አላማረባቸው፤ «ኋላቀር»፣ «ደብተራ»፣ «ጨለምተኛ» እያሉ ተቃዋሚውን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከተቱት። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ልጅቱ ከግሩፑ ወጣች። አያም «ይቅር በይን ልጄ» ብለው ጻፉላት፤ ከወጣች በኋላ ስለነበር አላነበበችውም።

እኔን የገረመኝ ስድቡ ብቻ አልነበረም። ቃላቱ የእኛ አልነበሩም። «ፕሮ ላይፍ»፣ «ፕሮ ቾይስ»፣ «ግራ ዘመም» የሚሉት የሌላ አገር የምርጫ መፈክሮች ናቸው። አሜሪካኖች ከ1973 ጀምሮ በአንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ሲናቆሩ ኖረዋል፤ ሰኔ 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ያንን ውሳኔ ሲሽር ጉዳዩ ወደየግዛቱ ምርጫ ወረደ። የእኛ ሕግ ግን የቆመው በሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አይፈቅድም፣ ሙሉ በሙሉም አይከለክልም። የእኛን ነገር በእነሱ ሚዛን የሰፈረ ሰው ገና ሲጀምር ይሳሳታል።

የእነሱ ምርጫ እኛ ዘንድ አይደርስም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ይደርሳል። በ1984 ፕሬዚዳንት ሬገን፣ የአሜሪካን የቤተሰብ ምጣኔ ዕርዳታ የሚቀበል የውጭ ድርጅት በሌላ ገንዘቡም ቢሆን ፅንስ የማቋረጥ አገልግሎት እንዳይሰጥ፣ ምክርም እንዳይለግስ የሚያደርግ መመሪያ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ክሊንተን ሻሩት፣ ቡሽ መለሱት፣ ኦባማ ሻሩት፣ ትራምፕ መለሱት፣ ባይደን ሻሩት፣ በጥር 2017 ዓ.ም. ትራምፕ እንደገና መለሱት። አንድ የቨርጂኒያ ወረዳ የሰጠው ድምፅ ዞሮ ዞሮ የእርግዝና መከላከያ ሳጥን ስማዳ ቆላ ይደርሳል ወይስ አይደርስም በሚለው ላይ ቃል አለው ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ግን በዚያ ምሽት ማንም አላነሳም። መፈክሩ እንጂ ሳጥኑ አላሳሰበንም።

በማግስቱ ጠዋት የግሩፑን መልእክቶች ወደ ኋላ ተመልሼ ቆጠርኩ። አባላቱ ሦስት መቶ ያህል ነን። የተሟገቱት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። አንብበው ያለፉት ግን ከሁለት መቶ በላይ ነበሩ። ተሳዳቢ ሰው የሚሰድበውን ሰው የሚያሳምን መስሎት አይደለም የሚሳደበው፤ ዝም ብለው ለሚያነቡት ነው የሚያሳየው። «ይኼን ጥያቄ የጠየቀ እንዲህ ይሆናል» ማለቱ ነው። ትምህርቱም ይገባል።

በዚያው ሳምንት ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት የዘመዳችን ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። የገጠር ተማሪዎቻችንን ኑሮ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ እናት በገበያ ቀን የምትልከውን በሶና ድርቆሽ እየተካፈሉ ነው የሚማሩት። መሸት ሲል በር የሚጠብቅላቸው ዘመድ የለም። «እታለም» ብላ ጀመረች፤ «ነርሷ የጻፈችው እውነት ነው? ፖሊስ ጋ ሳይኬድ ይሆናል? ለጓደኛዬ ነው።»

ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እውነት ነው አልኳት። አንቀጹን በቀላል አማርኛ ጻፍኩላት፤ የት መሄድ እንደሚቻል ነገርኳት፤ ብቻዋን እንዳትሄድ አደራ አልኳት። ከግሩፑ የወጣችውን ነርስ ፈልጌ አገናኘኋቸው። ነርሷም፣ ያን ሁሉ ስድብ ጠጥታ፣ «ስልኬን ስጫት» ነው ያለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእነሱ ነው።

እኔ የማስበው ግን ስላልጻፈችው ልጅ ነው። ያን ምሽት አንብባ፣ «እንዲህ ከተባለ እኔንማ ምን ሊሉኝ ነው» ብላ ስልኳን ስላጠፋችው።

ለምን እንዲህ እንደሚያሳስበኝ ለመናገር ወደ ንፋስ መውጫ ልመለስ። ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ነበረች። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 የከተማዋን ሴቶች አነጋግሮ ሪፖርት አወጣ። በተዋጊዎቹ መደፈራቸውን ተናገሩ፤ ከ16ቱ 14ቱ የደፈሯቸው ከአንድ በላይ መሆናቸውን ገለጹ። ሆስፒታሉም ተዘርፎና ተጎድቶ ስለነበር ለተደፈረች ሴት የሚሰጠው ሕክምና በከተማዋ አልነበረም።

እስቲ ቀኑን እናስላው። ከመደፈር በኋላ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት፣ ማለትም በሦስት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ ቢበዛ እስከ አምስት ቀን ነው የሚሠራው። ከተማዋ የተያዘችው ዘጠኝ ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለተጠቃች ሴት ሁለቱም በሮች መንገዱ ሳይከፈት ተዘግተዋል። እርግዝና ከመጣ ሕጉ የተወላት በር አንቀጽ 551 ነው፤ የበሩም ቁልፍ ቃሏ ነው።

ያ ቃል ኢንተርኔት ላይ ምን ሆነ? አንዱ ወገን ባንዲራ አድርጎ አውለበለበው፤ ሌላው «ድራማ ነው» ብሎ ሳቀበት። በዚያው በነሐሴ ወር ድርጅቱ ትግራይ ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸውን 63 ሴቶችና ልጃገረዶች አነጋግሮ፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወታደሮች፣ የአማራ ልዩ ኃይልንና ፋኖን የሚከስ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። እዚያም ያው ነው የሆነው፤ ባንዲራውና ሳቁ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ። የትግራይዋን አምኖ የጋይንቷን የካደ፣ የጋይንቷን አልቅሶ የትግራይዋን የሰደበ ሰው በየገጹ ሞልቷል። ከሁለቱም ዘንድ ሴቲቱ የሌላኛው ወገን መምቻ ዱላ ነች።

ሕጉ ቃሏ ይበቃል ሲል የሰጣት ነገር አንድ ነው፦ አዋርደው ሳይመረምሯት የመታመን መብት። ስልካችን ውስጥ የምንነጥቃት ይህንኑ ነው። ማስረጃ፣ ቪዲዮ፣ ምስክር፣ ዘር እንጠይቃታለን። ከፍርድ ቤት የባሰ ችሎት ሆነናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭቱ ተነሥቶ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ተገለጠልኝ። ስለ ጋይንት፣ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ ሴቶች በየቲክቶኩ ሲሟገቱ የነበሩት ሁሉ፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሴቶች ሊሰሙት በማይችሉት ቦታ ነበር የሚሟገቱት።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወም ሁሉ ክፉ ነው አልልም። እናቴ ትቃወማለች። ጾም የማትፈታ፣ ለንስሐ አባቷ የምትታዘዝ የስማዳ ሴት ነች፤ ፅንስ ከእግዚአብሔር ነው ብላ ታምናለች፣ በዚህም አትደራደርም። ስለ ግሩፑ ነገር ስነግራት ግን ያስደነገጣት ሌላው ነበር።

«ሴትዮዋን በስሟ ጠርተው ነው የሰደቧት?»

«አዎ እማዬ። ፎቶዋንም ለጥፈው።»

«ምነው ልጄ! ንስሐ አባት እንኳ የሰሙትን ከልባቸው አያወጡ። እነዚህ ማን ናቸው?»

ከዚያ የድሮውን አጫወተችኝ። በእነሱ ሰፈር አንዲት ሴት ደም ፈሷት በቃሬዛ ስትወሰድ ምን ሆነች ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ ሁልጊዜ «አስወረዳት» ነበር። በአማርኛችን «አስወረዳት» ስንል ሳታስበው የመጣባትን ነው፤ «አስወረደች» ስንል ደግሞ ራሷ ያደረገችውን። ልዩነቱ የቃሉ ጭራ ላይ ብቻ ነው። እናቴና ጎረቤቶቿ እውነቱን ቢያውቁም ባያውቁም ለሁሉም «አስወረዳት» ነበር የሚሉት። «ኃጢአቱ ካለ ከእግዜሩ ትነጋገራለች፤ እኛ ቃሬዛውን እንይዛለን» አለችኝ። የሃይማኖት አቋሟን አንዲት ጋት ሳታነቃንቅ፣ ሴትን ሳታዋርድ መኖር እንደሚቻል ከእሷ በላይ ምስክር አላውቅም።

አባቶቻችንም ቢሆኑ ክርክር አያውቁም አይባልም። «ተጠየቅ» ብሎ የሚሟገት ሰው ነጠላውን አደግድጎ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ በስሙ ነበር የሚሟገተው። ዋስ ይጠራል። ዋስ የሌለው ሰው አይከስም፤ የከሰሰውን ካላስረዳ ዋሱ ይያዛልና። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ዳኛው መሐል ተቀምጧል፤ ስለ እሱ የሚነገርበት ሰውም እዚያው ቆሟል። የዛሬው የአንበሳ ፎቶ ለጣፊ ዋሱ ማን ነው? መንግሥት በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185ን አውጥቷል፤ በፆታ ላይ የተመሠረተ ጥላቻንም ይጨምራል። ግን አዋጅ የዘመድ ግሩፕ ውስጥ ገብቶ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ አይዳኝም። እዚያ ያለነው እኛ ነን። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል፤ የጋይንት ሰው ደግሞ አፋፍ ምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም።

ነገ ፅንስ ማቋረጥ የእኛም የምርጫ አጀንዳ ሊሆን ይችላል። ይሁን፤ በ1997 ዓ.ም. ያልተጠየቁት ሴቶች ይጠየቁበት። ድምፅ ፈላጊው ቀበሌያችን ሲመጣ ግን መፈክሩን ሳይሆን ጥያቄውን እናቅርብለት። አንቀጽ 551ን ልትነካው ነው ወይስ ልትተወው? ቃሏ በቂ ነው የሚለውን ትጠብቀዋለህ? የጤና ጣቢያችን መድኃኒት ለምን ያልቃል? ገና ሳይደርሱ የሚዳሩት ልጆችስ? የክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ካለ ስንት ዘመኑ ነው። የሚቃወመውም የሚደግፈውም ለእነዚህ መልስ ካለው ልሰማው ዝግጁ ነኝ።

በእኛ ግሩፕ አያ ራሳቸው ሰብሳቢ ሆነው ሦስት ነገር ተስማምተናል። በስሙና በፎቶው ያልገባ ሰው አይጽፍም። የማንንም ፎቶም ሆነ የሥራ ቦታ መለጠፍ ያስወጣል። የጤና ጥያቄ ያላት ለነርሷ በውስጥ መስመር ትጽፋለች፤ የጠየቀችውም እዚያው ይቀራል። ነርሷን ለመመለስ አያ ሁለት ጊዜ ደውለው ለመኗት፤ በሦስተኛው ተመለሰች። የተጣሉት ሰዎች ሐሳባቸውን አልቀየሩም፤ እንዲቀይሩም አልተጠየቁም። አሁንም ይከራከራሉ፤ በስማቸው ስለሆነ ግን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

እናንተም በየቤታችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ለሴቶች ልጆቻችሁ፣ ለወንዶቹም ጭምር፣ 72 ሰዓት የሚለውን ቁጥር አስተምሯቸው። አንድ መጥፎ ነገር ቢደርስባቸው፣ ከማልቀሱም ከመፍራቱም በፊት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንዲሮጡ ንገሯቸው። የመጀመሪያዋ ተጠያቂ እሷ እንዳልሆነች፣ ሕጉም ቃሏን እንደሚቀበል ከእናንተ አፍ ይስሙት፤ ከእናንተ ካልሰሙት ከአንበሳው ፎቶ ነው የሚሰሙት።

ቸር ሰንብቱ።